አብራሪነት ወይስ የአውሮፕላን ጥገና፦ ለጎጃም ልጃገረዶች የትኛው ይሻላል?

በባሕር ዳር የተወለዱት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ከሆኑ ወዲህ፣ አቪዬሽን ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው አብራሪነትን ብቻ ነው። ጥገናው መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ወጪ፦ በግል ለሚማሩ፣ አብራሪነት በበረራ ሰዓት ስለሚከፈልበት ከጥገና እጅግ ይወደዳል። በአየር መንገድ ወጪ መሠልጠን የአገልግሎት ግዴታ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ቤተሰብም ሊያነበው ይገባል።

ሥጋት፦ የንግድ በረራ አብራሪ አንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫዋን ቢያንስ በየ12 ወሩ ታድሳለች፤ ካላለፈች መብረር አትችልም። የጥገና ባለሙያዋ ይህ ሥጋት የለባትም፤ የሚከብዳት የሌሊት ፈረቃው ነው።

ዝንባሌ፦ ደጀን አካባቢ አንዲት ተማሪ የአባቷን የወፍጮ ሞተር ፈትታ፣ ብሎኖቹን በአወላለቃቸው ቅደም ተከተል በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ደርድራ፣ ያለ ስህተት መልሳ ስትገጥም አይቻለሁ፤ ይህ ሥርዓት የጥገና ሙያ መሠረቱ ነው። አብራሪነት ደግሞ ፈጣን ውሳኔንና በሬዲዮ የሚነገር እንግሊዝኛን አጥብቆ ይጠይቃል።

ስለዚህ ጤናዋ የተሟላላት፣ እንግሊዝኛዋ የጠነከረና በጭንቀት ጊዜ የምትረጋጋ ልጅ ለአብራሪነት ታመልክት፤ እጇ ከብረት ጋር የተስማማላት፣ ወይም የጤና ምርመራው ያሠጋት፣ ጥገናን ታስቀድም።