ካሲዮ 991 እና ብቸኛ ቁጥሮች፦ ቅንፉን አይለፉት

ካሲዮ ኤፍኤክስ-991ኢኤስ ፕላስ የተባለው ካልኩሌተር ላይ ፋክት የሚባል ተግባር አለ። አንድን ሙሉ ቁጥር ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ፣ ማለትም በ1 እና በራሳቸው ብቻ ወደሚካፈሉ ቁጥሮች፣ ይተነትናል። ብዙ ተማሪ ይህን ቁልፍ አንድ ቀን ሳይነካው 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል፣ ያሳዝናል። በእጅ የሠሩትን ለማረም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በዚህ ደረጃ ማግኘት ይከብዳል። መልስ ለመቅዳት ብቻ ለሚጠቀምበት ተማሪ ግን አንድ ወጥመድ አለው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቁጥሩን ይጻፉና እኩል ይበሉ፤ ከዚያ ሺፍት፣ ቀጥሎ የዲግሪ፣ የደቂቃና የሰከንድ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይጫኑ። 1014 ቢያስገቡ 2×3×13² ያወጣል። እኩል ሳይሉ መሞከር የተለመደ ስህተት ነው፤ ማሽኑ የሚተነትነው የወጣውን ውጤት እንጂ ገና እየተጻፈ ያለውን አይደለም። ውጤቱ ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ ማዝ ኤረር (የስሌት ስህተት) ይላል። ለ-84 እንግዲህ 84ን ተንትኖ የመቀነስ ምልክቱን ፊቱ ላይ ማስቀመጥ ነው።

በጣም የሚጠቅመው ብቸኛ በሚመስሉ ቁጥሮች ላይ ነው። 51፣ 57፣ 87፣ 91፣ 119፣ 133፣ 143፣ 221 ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱባቸው ናቸው፤ ለ2፣ ለ3 እና ለ5 ሞክረው ስለሚያቆሙ በተለይ 91 እና 221 ያመልጧቸዋል። መጀመሪያ በእጅ ይወስኑ። የ221 ስኩዌር ሩት ከ15 ስለሚያንስ መሞከር ያለባቸው 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ብቻ ናቸው፤ በ13 ሲካፈል 17 ይደርሳል። ለ223ም እነዚሁ ስድስቱ ይበቃሉ፤ አንዳቸውም እኩል ስለማያካፍሉት ብቸኛ ነው። ማሽኑን መክፈት ከዚህ በኋላ ነው።

የማካፈሉን ደረጃ ግን አያሳይም። ለ360 የሚሰጠው 2³×3²×5 ብቻ ነው። ተማሪው 2³×9×5 ብሎ ቢያቆም መሳሳቱን ያውቃል፣ የት እንደተሳሳተ ግን አያውቅም። 9ም ገና መከፈል እንዳለበት የሚያስረዳው መምህሩ ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ፋክት እስከ 10 አሃዝ ያለው ቁጥር ይቀበላል፤ የሚፈልጋቸው ብቸኛ አካፋዮች ግን እስከ ሦስት አሃዝ ያሉት ናቸው፣ ማለትም እስከ 997። መተንተን ያቃተውን በቅንፍ ከትቶ ይተወዋል። 4104676 ያስገቡ፤ 2²×(1026169) ይላል። ብዙዎች ቅንፉን እንደ ጌጥ አይተው 1026169 ብቸኛ ነው ብለው ይጽፋሉ። አይደለም፤ 1013² ነው። ቅንፉ «ከዚህ በላይ አልሄድኩም» ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እስከ 997 ያሉት ሁሉ ስለወጡ፣ የቀረው ቁጥር ውሁድ (ብቸኛ ያልሆነ) ከሆነ ትንሹ ብቸኛ አካፋዩ ቢያንስ ቀጣዩ ብቸኛ ቁጥር 1009 መሆን አለበት። ስለዚህ የቀረው ከ1009×1009፣ ማለትም ከ1018081 ካነሰ ያለ ጥርጥር ብቸኛ ነው። እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ሥራው አላለቀም፤ በቅድሚያ ስኩዌር ሩቱን ይፈልጉ። የ1026169 ልክ 1013 ይወጣል፣ አለቀ። የ1022117 ግን 1010.998 ገደማ ነው። ወደ 1011 ከፍ ያድርጉትና 1011² − 1022117 ያስሉ፤ 4 ይመጣል፣ እሱም 2² ነው። ስለዚህ (1011−2)×(1011+2)፣ ማለትም 1009×1013 ነው። የሁለት ካሬዎች ልዩነት እንዲህ በሥራ ሲታይ ተማሪ አይረሳውም። ልዩነቱ ካሬ ካልሆነ 1012ን፣ 1013ን እያሉ መቀጠል ነው፤ ሁለቱ አካፋዮች በጣም ከተራራቁ ግን ይህ መንገድ ረጅም ስለሚሆን ከ1009 ጀምሮ በብቸኛ ቁጥሮች እያካፈሉ መሞከር ይሻላል።

991 ለትልቁ የጋራ አካፋይና ለትንሹ የጋራ ብዜትም ቁልፍ አለው፤ አልፋ ብለው የማባዣውን ወይም የማካፈያውን ቁልፍ ይጫኑ። የሚቀበለው ሁለት ቁጥር ስለሆነ ለ84፣ 126 እና 180 መጀመሪያ የ84ን እና የ126ን ትልቁን የጋራ አካፋይ ያውጡ፣ 42 ይሆናል፤ ከዚያ የ42ን እና የ180ን፣ 6 ይሆናል። ትንሹ የጋራ ብዜትም እንደዚሁ 252፣ ቀጥሎ 1260 ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ትልቁ የጋራ አካፋይ በትንሹ የጋራ ብዜት ሲባዛ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ተባዝተው ከሚሰጡት ጋር እኩል ነው የሚለው ሕግ የሚሠራው ለሁለት ቁጥር ብቻ ነው። 6×1260 የሚሰጠው 7560 ነው፤ ሦስቱ ቁጥሮች ሲባዙ ግን 1905120።

ለትንተና ብቻ ከሆነ ፋክት ያለው ኤፍኤክስ-82ኢኤስ ፕላስ ይበቃል፤ ለጋራ አካፋይና ብዜት ግን 991 ይያዙ። ሱቅ ውስጥ ሳሉ ከማካፈያው ቁልፍ በላይ ኤልሲኤም (ትንሹ የጋራ ብዜት) የሚል በቀይ መጻፉን ይመልከቱ፤ 4104676ንም እዚያው ያስተንትኑት። ከ2²×(1026169) ሌላ ነገር ካወጣ ለሻጩ ይመልሱለት።