በድሬዳዋ የሚመረተው የገረባ ከሰል፦ ከምድጃው እስከ ብድሩ

በድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ወጣቶችና እናቶች በማኅበር ተደራጅተው የሚያመርቱትን የገረባ ከሰል በቤታችን ስንጠቀምበት ቆይተናል። ስለ ጥራቱ ለሚጠይቁኝ ጎረቤቶችም ሆነ ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ለማበደር ወይም ለመለገስ ለሚያስቡ ወገኖች ያየሁትን በጽሑፍ ማስፈር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ከሰሉ የሚሠራው በቀፊራና በአሸዋ ገበያዎች ዙሪያ ከሚጠረገው የጫት ገረባ፣ ማለትም ከጫቱ ተለይቶ ከሚጣለው ቅጠልና ጭራሮ ነው። ገረባው በፀሐይ ከደረቀ በኋላ አየር እንደ ልብ በማያስገባ በርሜል ውስጥ ይከስላል፤ ከዚያም ተፈጭቶ ከጥቂት የሸክላ አፈርና ከሞላሰስ ጋር ይቦካል፣ በማሽን ተጨምቆ ቅርጽ ይይዛል፣ እንደገናም ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ምድጃ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታወቀው ጭስና ፍንጣሪ የሌለው መሆኑ ነው። ለመያዝ ግን ከእንጨት ከሰል ይልቅ ይዘገያል፤ ከሥሩ ጥቂት የእንጨት ከሰል ለኩሶ በላዩ መደርደር የተሻለ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። አንዴ ከተያያዘ በኋላ ሙቀቱ ሳይዋዥቅ ለረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ለባቄላ፣ ለሽሮ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዝግታ መፍላት ለሚፈልገው ቁጢ (ከቡና ቅጠል ለሚፈላው መጠጥ) እጅግ ተስማሚ ነው። እንግዳ ተቀምጦ ቡና በቶሎ ማፍላት ሲያስፈልግ ግን የእንጨት ከሰል ይቀድመዋል። ትልቁ ጉድለቱ አመዱ ነው። አፈር የተቀላቀለበት በመሆኑ ላቀች የተባለችውን ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ቀዳዳዎች ቶሎ ይደፍናል፤ ስለዚህ ምግቡ ሳይበስል በመካከል አመዱን ማራገፍ ግድ ይላል። ጭስ የለውም ማለት ደግሞ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። እንደ ማንኛውም ከሰል ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ፣ በተለይ እንደ ሐረር ምሽቱ በሚቀዘቅዝበት አገር ለሙቀት ብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድ ነፍስ ያጠፋል።

ዋጋውን በኪሎ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ጥሩ የእንጨት ከሰል በኪሎ ከ28 እስከ 30 ሜጋ ጁል ሙቀት ሲሰጥ፣ አፈር የገባበት የገረባ ከሰል ወደ 20 ገደማ ቢሰጥ ነው። ስለዚህ ገዢው የእንጨት ከሰል ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ቢከፍል ፍትሐዊ ይሆናል። ማኅበሩ እስካሁን ከዚህ ወሰን አልወጣም፤ ይህም በእኔ ግምት ደንበኞቹን ያቆየለት ዋናው ምክንያት ነው።

ሥራው መደገፍ እንዳለበት አልጠራጠርም። በተለመደው የአፈር ጉድጓድ ሲከሰል ከእንጨቱ ክብደት ከሰል ሆኖ የሚወጣው ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው በጭስና በጋዝ ይባክናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደበት ከተማ ነዋሪ፣ በላይኛው ተፋሰስ ላይ ያለ ዛፍ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። ከዚህም በላይ ማኅበሩ ገረባውን የሚገዛው ከገበያ ጠራጊ እናቶች በኪሎ እየመዘነ ስለሆነ፣ ቀድሞ የፍሳሽ ቦይ ይደፍን የነበረው ነገር ለእነርሱ የዕለት ገቢ ሆኗል።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን የሚታየው አሠራር ከሥራው ጠባይ ጋር አይገጥምም። ለጋሾች ማሽን ገዝተው ያስረክባሉ፣ ርክክቡም በደስታ ይፈጸማል፤ ገረባ የሚገዛበት፣ የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ማሽኑ ሲሰበር የሚጠገንበት የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ግን አይታሰብም። ከአንድ ኩንታል ደረቅ ገረባ የሚገኘው ከሰል ከ30 ኪሎ ብዙም ስለማይበልጥ፣ ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ገረባ በጥሬ ገንዘብ ተገዝቶ መከማቸት አለበት። በዚያ ላይ ምርቱ የሚደርቀው በበጋ ሲሆን የተሻለ የሚሸጠው እንጨት በሚረጥብበት በዝናብ ወራት ነው፤ ገንዘቡ በመጋዘን ውስጥ ለወራት ተይዞ ይቆያል ማለት ነው። ማኅበሩ የተበደረበት ተቋም ግን የመጀመሪያውን ክፍያ በተከታዩ ወር ጠየቀ፤ በዚህም የተነሳ ለክረምት የተዘጋጀው ክምችት በበጋ በርካሽ ተሸጠ።

ለብድር መያዣ ማጣትም ሕጉ መንገድ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽንም፣ በመጋዘን ያለ ምርትም፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብም ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ቤት ወይም መኪና የሌላቸውን እናቶች በእርስ በርስ ዋስትና ብቻ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ከማኅበሩ አባላት መካከል ወለድ ያለበትን ብድር በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይቀበሉ አሉ። ለእነርሱ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በክፍያ የሚሸጥበት የሙራባሃ አሠራር ለማሽንም ሆነ ለጥሬ ዕቃ ግዥ ይስማማል፤ በድሬዳዋና በሐረር ይህን አማራጭ የማያቀርብ አበዳሪ ከከተማው ሕዝብ ብዙውን ትቶታል ብዬ አምናለሁ።

ምርቱን ለረጅም ጊዜ ለሚበስል ምግብ ያለ ማመንታት እንድትገዙት እመክራለሁ፤ ስትገዙ ግን አንዱን ቅርጽ በእጃችሁ ሰብራችሁ መሀሉ መድረቁን አረጋግጡ፣ እርጥብ ከሆነ ክብደቱ ውኃ ነው። ማኅበሩም የአፈሩን መጠን ቢቀንስና በየከረጢቱ ላይ ክብደቱን ቢጽፍ ጥሩ ነው። ለማበደር የሚያስብ ሁሉ ደግሞ ከበጋው መግቢያ እስከ ሐምሌ ሽያጭ የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ ይስጥ፤ ክፍያው ከሐምሌ ሽያጭ በኋላ ቢጀምር ማኅበሩ የሚከፍለው ገንዘብ ይኖረዋል።