የጡረተኞቿ ቤክስሂል እና ደ ላ ዋር ፓቪሊዮን

በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኢስትቦርንና በሄስቲንግስ መካከል የምትገኘው ቤክስሂል-ኦን-ሲ ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያን በብዛት የሚኖሩባት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ወጣት ጎብኚ ብዙም አያስታውሳትም፤ ሆኖም በባሕሩ ዳር የቆመውን ደ ላ ዋር ፓቪሊዮን የተባለ የሕዝብ መዝናኛ ሕንጻ ለማየት ሲባል ብቻ ከለንደኑ ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ያህል በባቡር መጓዝ አያስቆጭም።

ሕንጻው እንዴት እዚያ ሊቆም እንደቻለ የሚገባን የከተማዋን አሰፋፈር ስናይ ነው። አሮጌዋ ቤክስሂል ከባሕሩ ራቅ ብላ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረች መንደር ስትሆን፣ ንጉሥ ኦፋ እ.ኤ.አ. በ772 ለቤተ ክርስቲያን መሬት በሰጠበት ሰነድ ላይ ስሟ ተጠቅሷል። ባቡር በ1846 ቢደርስላትም፣ ከኮረብታው በታች ያለው የባሕር ዳር መሬት ወደ መዝናኛ ከተማነት መለወጥ የጀመረው የአካባቢው ባለርስት ሰባተኛው ኧርል (የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ደ ላ ዋር በ1880ዎቹ የባሕር መከላከያ ግንብ ካስገነቡ በኋላ ነው። ልጃቸው ስምንተኛው ኧርል ደግሞ በግንቦት 1902 በብሪታንያ ምድር የመጀመሪያው የሚባለውን የመኪና ውድድር እዚያው አስተናገዱ፤ ፈረንሳዊው ሊዮን ሰርፖሌም በእንፋሎት መኪናው በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረበት። ዛሬ በዚያው ጎዳና በኤሌክትሪክ ወንበር የሚንሸራሸሩ አዛውንት ማንንም አያስቸኩሉም።

ፓቪሊዮኑን ያሠሩት ዘጠነኛው ኧርል፣ ማዕረጋቸውን በዘር ከወረሱ መኳንንት መካከል ሌበር (የሠራተኛ) ፓርቲን የተቀላቀሉ የመጀመሪያው ሰው፣ የከተማዋ ከንቲባ ነበሩ። የጠየቁት ቤተ መንግሥት ሳይሆን ማንኛውም ሰው ሙዚቃ የሚሰማበት፣ የሚያነብበትና ባሕሩን እያየ የሚቀመጥበት ቤት ነበር። ከ200 በላይ ንድፎች የቀረቡበትን ውድድር ያሸነፉት ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የወጣው አይሁዳዊው ኤሪክ ሜንደልሶንና በሩሲያ ግዛት የተወለደው ሰርጅ ቸርማየፍ ሲሆኑ፣ ሕንጻው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ በሦስተኛው ወር፣ በታኅሣሥ 1935 ተመረቀ።

እኚሁ ኧርል ከኛ ታሪክም ውስጥ አሉ። በ1944 የብሪታንያን ልዑክ መርተው አዲስ አበባ በመምጣት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከመኮንን እንዳልካቸው ጋር ስምምነት የተፈራረሙት እሳቸው ናቸው። ስምምነቱ የ1942ቱን ተክቶ የእንግሊዞችን የበላይነት ቢያላላም፣ ኦጋዴንን ለጊዜው በወታደራዊ አስተዳደራቸው ሥር አቆይቶታል። ለከተማቸው ሕዝብ እጃቸው የተፈታው ሰው በእኛ ጉዳይ ግን ሰብሰብ ብለው ነበር ማለት ይቻላል።

ከመንገዱ በኩል የሚታየው ፊት ለእኔ ደረቅ ነው፤ የሕንጻው ውበት ያለው በባሕሩ በኩል ነው። በብየዳ የተያያዘው የብረት አጽም ወፍራም ግድግዳ ስለማያስፈልገው ደቡባዊው ፊት መስኮትና በረንዳ ሆኗል። ጠመዝማዛው ደረጃ በከፊል ክብ የመስታወት ግድግዳ ተከቦ ይወጣል፤ ከታች ቆሞ ሽቅብ ለሚያይ ሰው ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠለው ረጅም መብራት የደረጃውን መሐል ይዞ ይታያል። የባሕር ጨው ለብረት ጠላት በመሆኑ ሕንጻው ብዙ ተጎድቶ ነበር፤ ከሰፊ እድሳት በኋላ በ2005 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ ተከፍቷል። ዐውደ ርእዮቹ በነጻ የሚታዩ መሆናቸው የመሥራቹን ሐሳብ ያከብራል።

ከተማዋ ቶሎ ትተኛለች። ከካፌዎቹ በአንዱ ገና ሳይመሽ ወንበር መሰብሰብ ተጀምሮ ቡናችንን ቆመን ጨርሰናል። ዳርቻው በአብዛኛው ጠጠር ስለሆነ ጉልበት ለሚያመው ሰው ከግንቡ አጠገብ ያለው ጥርጊያ መንገድ ይሻለዋል። ባሕሩ ሲሸሽ ግን አሸዋው ይገለጣል፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የሰጠመ ደን ጉቶዎችም ብቅ ይላሉ፤ ስለዚህ የባቡር ትኬት ከመግዛት በፊት የባሕሩን የመሸሻ ሰዓት ማጣራት ይጠቅማል። ጊዜ የተረፈው ሰው በኤገርተን ፓርክ ወዳለው የከተማዋ ሙዚየም ቢያመራ የመኪና ውድድሩንና በአካባቢው የተገኙትን የዳይኖሰር ቅሪቶች ታሪክ ያገኛል።