የቅሉ ቤት ቁርስ፦ ህዮቴይ፣ ኪዮቶ

ኪዮቶ ውስጥ ስመ ጥር ምግብ ቤት ገብቶ «ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያስከፍለው ምኑ ነው?» የማይል እንግዳ ጥቂት ነው። በርበሬ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ቁሌት የለው። መልሱን አሥር ሳህን በሚፈራረቅበት እራት ላይ መፈለግ ያደክማል፤ አንዱ ሲመጣ የፊተኛው ይረሳል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነጭ ሩዝ ላይ ግን ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምንመክረው እራቱን ሳይሆን ቁርሱን ነው። ቤቱ በናንዘንጂ ገዳም አቅራቢያ ያለው ህዮቴይ፣ ምግቡ ደግሞ አሳጋዩ፣ የጠዋት የሩዝ አጥሚት።

አጥሚት ያልነው ለመግባባት ነው። ሩዙ አይፈጭም፤ ፍሬው እንዳለ በብዙ ውኃ ይበስላል። ጃፓን ውስጥም ልክ እንደ እኛው አጥሚት የታመመ ሰው የሚያገግምበት፣ ሆድ የማይከብድ የቤት ምግብ ነው። ያንን ወስዶ ከከተማው ታዋቂ ገበታዎች አንዱ ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል።

«ህዮ» ማለት ቅል ነው። ደጁ ላይ ቅልና የገለባ ጫማ ተሰቅሎ ይታያል፤ ቤቱ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ሲጀመር ወደ ናንዘንጂ ለሚሄድ መንገደኛ ሻይ የሚያቀርብ ማረፊያ ነበርና። ምግብ ቤት ሆኖ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ስለ ጠዋቱ ሩዝ የሚነገረው ታሪክ ያስቃል፤ በሜጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1868–1912) ጊዮን በተባለው የከተማው የመዝናኛ ሰፈር ሲጫወቱ ያደሩ ባለገንዘቦች ጎህ ሲቀድ መጥተው ቤተሰቡን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው «የሚበላ አምጡ» አሉ ይባላል። ሌሊቱን መጠጥ ሲወርድበት ላደረ ሆድ ከዚህ የሚስማማ ምግብ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛ፣ ህዮቴይ ሁለት ቤት ነው። ዋናው ቤት በአትክልቱ ስፍራ ውስጥ ተራርቀው የቆሙ ትንንሽ የሻይ ጎጆዎች አሉት፤ ታታሚ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ አሳጋዩም እዚያ የሚቀርበው በጁላይና በኦገስት ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ቤክካን የሚባለው ቅጥያ ግን ወንበርና ጠረጴዛ አለው፤ የጠዋት ሩዙም ከማርች አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ይቀርባል። ከዲሴምበር ጀምሮ ባለው ብርድ ተራውን ለድርጭት አጥሚት ይለቃል። ሁለተኛ፣ ሰዓት። ጃፓን «8 ሰዓት» ሲሉ በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የቀጠሮ ሰዓት ማሳለፍ እዚያ እንደ ቀላል አይታይም፤ ሩዙ እናንተ በምትቀመጡበት ሰዓት ልክ ተጥዷል። የመሰረዝ ቅጣትም አለ፤ ዓሣው የተገዛው በሰው ቁጥር ነው። ዋናው ቤት ስልክ ከመደወል በሆቴላችሁ በኩል ማስያዝ ይቀላል። የሜትሮው ቅርብ ጣቢያ በቶዛይ መስመር ያለው ኬአጌ ሲሆን፣ ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ዋናው ቤት ሚሽላን በተባለው የምግብ ቤቶች መመዘኛ መጽሐፍ የኪዮቶና የኦሳካ የመጀመሪያ እትም ከፍተኛውን ደረጃ፣ ሦስት ኮከብ ካገኙት አንዱ ነው። እዚያ እራት በአሥር ሺዎች የን ይቆጠራል፤ የቅጥያው ቁርስ የዚያ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ባለቤቱ ግን ያው ነው። ቲፕ አይሰጥም፤ የአገልግሎት ክፍያው ሂሳቡ ውስጥ ይገባል፣ ጠረጴዛ ላይ ብር ትታችሁ ብትወጡ ረሳችሁት ብለው ይከተሏችኋል።

ገበታው ቀስ ብሎ ይጀምራል። ትንሽ ሙቅ ሻይ ይመጣል፣ ቀጥሎ በቅል ቅርጽ የተሠሩ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ ሦስት ሳህኖች። በየሳህኑ ሁለት ሦስት ጉርሻ የሚሆን ነገር ይኖራል፤ በሰሊጥ ወይም በቶፉ (የአኩሪ አተር እርጎ) የተለወሰ ቅጠል፣ በእንፋሎት የበሰለ አትክልት፣ ዓሣ። ይዘቱ ከወር ወር ይለዋወጣል። ሁልጊዜ የማይቀረው እንቁላሉ ነው።

ይህ እንቁላል በመልኩ ማንንም አያስደንቅም፤ ለሁለት የተከፈለ ቅቅል እንቁላል ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ነጩ ጥብቅ ሆኖ አስኳሉ መሀል ለመሀል ተቀምጧል፤ ጠርዙ ጠንክሮ እምብርቱ እንደ ወፍራም ማር ሊወርድ ይልና አይወርድም። ላዩ ላይ አንድ ጠብታ አኩሪ አተር ስጎ ያርፍበታል። የቤቱ ዘዴ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ነው ይባላል፤ መርሁ ግን የተሰወረ አይደለም። እንቁላሉ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት መያዝ አለበት፣ አለዚያ ፈላ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። አስኳሉን መሀል የሚያስቀምጠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች በቀስታ ማንከባለል ነው፤ ነጩ ሳይረጋ ካልዞረ አስኳሉ ወደ ጎን ይተኛል፣ ሲቆረጥም አንዱ ወገን ስስ ይሆናል። ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲሞላው በረዶ ውኃ ውስጥ ይገባል። የዕለት እንቁላል ለዚህ አይሆንም፤ ነጩ ከልጣጩ ጋር ተጣብቆ ይቦጨቃል፣ ሳምንት የቆየው ነው በንጽሕና የሚላጠው። ቢላዋም አስኳሉን ይጎትተዋልና ቤት ውስጥ ለሚሞክር ሰው ክር ይሻለዋል።

መረቁ ሲመጣ ግን ወሬ ይቁም። በጃፓን ገበታ የወጥ ቤቱ ፈተና ይህ ክዳን ያለው ሳህን ነው፤ ብዙ ባለሙያ ቤቱን የሚመዝነው በዚሁ ነው። ዳሺ የሚባለው መረቅ ከሁለት ነገር ይወጣል፦ ኮምቡ ከተባለ ደረቅ የባሕር አረም፣ እና ተቀቅሎ፣ በጭስ ደርቆ፣ እንደ እንጨት ጠንክሮ ከተፋቀ ዓሣ። አብዛኛው ቤት ካትሱኦ የሚባለውን ዓሣ ይጠቀማል። ህዮቴይ የሚታወቀው በቱና ነው፤ ለዚህም መረቁ ፈዘዝ ያለ፣ የጭስና የዓሣ ጠረኑ ለስለስ ያለ ነው። ቤት ውስጥ ለመሞከር ለአንድ ሊትር ውኃ ከ15 እስከ 20 ግራም ኮምቡ ያስፈልጋል። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይና ኮምቡ ይወጣል። ውኃው 85 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከ30 እስከ 40 ግራም የተፋቀ ዓሣ ይበተንበታል፤ ሰከንዶች ቆጥሮ በጨርቅ ማጥለል ነው። ኮምቡ ከፈላ መረቁ ይዝለገለጋል፣ የባሕር ሽታም ያመጣል። ጨርቁ ከተጨመቀ ደግሞ ምሬት ይገባበታል። መጭመቅ ቁጠባ ይመስላል፤ የሚጨመቀው ግን ሊጣል የሚገባው ነው።

ይህ መረቅ ኪዮቶ ላይ የሰመረው በአጋጣሚ አይደለም። የከተማው ውኃ ለስላሳ ነው፤ ካልሲየም የበዛበት ውኃ የኮምቡን ጣዕም አያወጣም። ኮምቡው ራሱ ከሰሜኑ ሆካይዶ በመርከብ እስከ ጹሩጋ ወደብ፣ ከዚያ በቢዋ ሐይቅ በኩል ይገባ ነበር። የኪዮቶ ወጥ ቤቶች የሚመርጡት ሪሺሪ የተባለውን ዓይነት ነው፤ መረቁን አያደፈርስም። ጣዕሙ ከምን እንደመጣ በ1908 ያወቀው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳም የዚሁ ከተማ ልጅ ነበር፤ ከኮምቡ ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አውጥቶ ጣዕሙን «ኡማሚ» ብሎ ሰየመው። በ1913 ደግሞ ሺንታሮ ኮዳማ የዓሣውን ድርሻ፣ ኢኖሲኔትን አገኘ። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል፤ ለዚህ ነው ጨው እምብዛም ሳይኖር አፍ የሚሞላው።

ጁላይ ላይ የሚሄድ ሰው በኪዮቶ ገበታዎች ሃሞ የሚባለውን እባብ መሰል ዓሣ ያገኛል። ኪዮቶ ከባሕር የራቀች ናት፤ በረዶ ባልነበረበት ዘመን የሞቃቱን ወራት ጉዞ በሕይወት የሚደርስ ዓሣ ሃሞ ነበር። አጥንቱ ግን እንደ ፀጉር የበዛ ነው፤ ተለቅሞ አያልቅም። ስለዚህ በከባድ ቢላዋ ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ በሆነች ርዝመት ላይ 24 ጊዜ ይቆረጣል ይባላል፤ ሥጋውና አጥንቱ ይከተፋል፣ ቆዳው ግን አይነካም። ፈላ ውኃ ሲነካው እንደ ነጭ አበባ ይፈካል። በደንብ የሰለጠነ እጅ የሠራው አፍ ውስጥ አጥንት አያሰማም፤ ካንኮሻኮሸ ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ ቢላዋው ስቷል።

ወደ ሩዙ እንመለስ። የሚመጣው ነጭ፣ ምንም ያልገባበት ነው፤ ጨው እንኳ የለውም ማለት ይቻላል። አጠገቡ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ቡናማ፣ ወፈር ያለ ስጎ ይቀርባል፤ ዳሺና አኩሪ አተር ስጎ በኩዙ የሥር ዱቄት የወፈረ ነው። ቡላ አብስሎ የሚያውቅ ሰው ኩዙን ወዲያው ይረዳዋል። እንደ ቡላው በቀዝቃዛ ውኃ ቀድሞ ካልሟሟ ይጓጉላል፤ ቸኩሎ ከወረደ ደፍርሶ የዱቄት ጣዕም ይተዋል፤ በትዕግሥት ከተማሰለ ደግሞ እንደ መስተዋት ይጠራል። እዚህ የጠራ ነው። ስጎውን በሙሉ አንድ ጊዜ አታፍስሱ፤ ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሁለት ጉርሻ ባዶውን ቅመሱ፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ በጥቂቱ አፍስሱ፤ አንዱ ጉርሻ ጨዋማ፣ ቀጣዩ የሩዝ ብቻ ይሆናል። ከተማሰለ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ቡኒ ሆኖ ያርፋል።

የሩዙ ብልሃት አለማማሰል ነው። አንድ እጅ ሩዝ በሰባት ወይም በአሥር እጅ ውኃ ተጥዶ፣ እንደፈላ አንዴ ከሥሩ ይነሳል፤ ከዚያ በትንሽ እሳት አርባ ሃምሳ ደቂቃ ማንም አይነካውም። ሲማሰል ፍሬው ይሰበርና ስታርቹ ይወጣል፣ ወዲያው ገንፎ ይሆናል። ከወረደ በኋላም አይቆይም፤ ፍሬው ውኃውን እየጠጣ ያብጣል። ቀርቦ አሥር ደቂቃ ፎቶ የሚነሳ ሰው የበሰለውን ሩዝ ሳይሆን ሌላ ሩዝ ይበላል።

ድክመት አለው? አዎ። የቅጥያው አዳራሽ እንግዳ ሲሞላ ወሬው ይሰማል፣ የአትክልቱ ስፍራ ጸጥታም ለዋናው ቤት የተቀመጠ ነው። ጠግቦ ለመነሳት የሚሄድ ሰው ያኮርፋል። የሩዙ ጣዕም ለጋ ስለሆነ ከመሄዱ በፊት ቡና የጠጣ ምላስ ግማሹን ያጣዋል፤ ሽቶ ደግሞ የጎረቤቱንም መረቅ ያበላሻል።

የሳህኑን ክዳን በተመለከተ አንድ ነገር፤ ትኩስ መረቅ ያለበት ሳህን ክዳኑ ተጣብቆ እምቢ ይላል። በጉልበት አትንቀሉት። በግራ እጅ የሳህኑን ጎንና ጎን ጫን ስትሉት አየር ይገባና ይለቃል። ስትጨርሱ እንደነበረ ክደኑት፤ ገልብጦ መክደን ሳህኑ የተቀባውን የሚያብረቀርቅ ቀለም ይጭረዋል። ቀለበትና የብረት ሰዓት ማውለቅም ለዚሁ ነው። ዋናው ቤት ከሆነ ካልሲ ያስፈልጋል፣ ቦርሳም ሥዕልና አበባ የሚቀመጥበት ከፍ ያለው ጥግ ላይ አይቀመጥም።

ለጿሚ ደግሞ ማስጠንቀቂያ። ሩዙ ነጭ ስለሆነ የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን ስጎው፣ መረቁ፣ አንዳንዴም አትክልቱ በዓሣው ዳሺ ተነክሯል፤ እንቁላሉም አለ። ዓሣ የማይነካ ጿሚ «ሥጋ አልበላም» ማለቱ አይበቃውም፤ ዳሺውን ጠርቶ ቀድሞ መናገር አለበት፣ ይህን ያህል ሲወጣም የሚቀረው ጥቂት ነው። ሳኬ (የሩዝ መጠጥ) እና ሚሪን (ጣፋጭ የወጥ ቤት ወይን) ለማጣፈጫ ስለሚገቡ አልኮል የማይቀምስም ይጠይቅ። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሻለው ሾጂን የሚባለው የገዳም ምግብ ነው፤ አራሺያማ በተንሪዩጂ ገዳም ግቢ ሺገጹ የተባለው ቤት ያቀርበዋል። መረቁ ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል አይገባበትም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርትም እንኳ አይነካም።

ህዮቴይን በልታችሁ ስትወጡ ሙሪን-አን ከጎኑ ነው፤ በሜጂ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የአሪቶሞ ያማጋታ ቤት፣ አትክልተኛው ኦጋዋ ጂሄይ ያበጀው የአትክልት ስፍራ። የጠዋቱ ሩዝ ሆድ ስለማይከብድ ቁጭ ሳትሉ መዞር ትችላላችሁ።