ባሕር ዛፍ ወይስ የሐበሻ ጥድ?

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ፣ አጥራችን ጥግ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመዋል።

በምኒልክ ዘመን የመጣው ነጭ ባሕር ዛፍ ችኩል ነው። ግንዱ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይመዘዛል። ጥላ ያረፈባቸውን የታች ቅርንጫፎች ራሱ ያራግፋቸዋል። ለአጠና የሚመቸው ለዚህ ነው። ቢቆረጥም አይሞትም። አምና አንዱን ቆረጥነው፤ በጉቶው ዙሪያ ቀንበጥ ተግተለተለ። ሁሉም ከተተወ ቀጫጭን ሆኖ ይቀራል፤ ሁለት ሦስቱን ጠንካራ አስቀርቶ ሌላውን መመልመል ነው። የሚገርመው ቅጠሉ ነው። የአዲሱ ቀንበጥ ሰፋ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ነው። የትልቁ ግን እንደ ማጭድ ቆልመም ብሎ ይንጠለጠላል። የአንድ ዛፍ ቅጠል ናቸው ብሎ ማን ያምናል?

ጥዱ ሌላ ጠባይ አለው። በልጅነቱ ከታች ሰፍቶ ከላይ ይሾላል፤ ሲያረጅ አናቱ ይዘረጋል። ዕድገቱ የኤሊ ነው። ከጉቶውም አያቆጠቁጥም፤ ቆረጥከው፣ አበቃ።

ለማገዶና ለአጠና ያው ባሕር ዛፍ ነው። ከጎመኑ መደብ ግን አርቁት፤ ውኃ ይሻማል። ለንፋስ መከላከያ እኔ ጥዱን እመርጣለሁ። ባለቤቴ እስካሁን አልተስማማችም።