«ሙሉ የበረዶ ዝግጅት» ብለው ሲያስከፍሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁ

ጎበዝ፣ መኪናችሁን ለበረዶ ወራት ለማዘጋጀት ጋራዥ ልትወስዱ ከሆነ ትንሽ ታገሱኝ። እኔ አምና የተበላሁትን ዘንድሮ እናንተ እንዳትበሉ ነው።

ብርዱ ሳይጠና አንድ ጋራዥ ገባሁ። «ለየብቻው ከምታሠራ ሙሉ ዝግጅት አለን፤ ጎማ፣ አንቲፍሪዝ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ እንዳይረጋ የሚጨመር ፈሳሽ)፣ ባትሪ፣ የመስታወት መጥረጊያ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ» አሉኝ። ሌላ ቦታ ከጠየቅሁት ይረክሳል፤ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ማታ ስመለስ መኪናዋ ታጥባ፣ ጎማዎቹ ጥቁር ቅባት ጠጥተው እንደተወለወለ ጫማ እያበሩ ጠበቁኝ። በሰጡኝ ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የራይት ምልክት ተደርጓል። ቁጥር ግን አንድም የለበትም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ አልሰማ አለችኝ። በቀስታ ነበር የምነዳው። ተንሸራትታ ሄዳ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ገጭታ ቆመች። ተመስገን፣ ሰው አልነበረም። ቸርኬው ተጣመመ፤ የእኔም ጉልበት እስኪረጋ ጊዜ ወሰደ።

ወርጄ ሳይ የጎማው ጥርስ ጥልቅ ነው፣ አላለቀም። ግራ ገባኝ። ነገሩ የገባኝ ሌላ ጎሚስታ ጎማዎቹን ፈትቶ ወደ ውስጥ ዞሮ የነበረውን ጎን ሲያሳየኝ ነው። «ዶት» (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ረጅም ኮድ አለ፤ የመጨረሻዎቹ 4 አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። የእኔዎቹ 3816 ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. የ2016 38ኛው ሳምንት ማለት ነው። «አዲስ» ተብለው ሲገጠሙልኝ ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር! ጎማ መንገድ ሳይነካ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎም ያረጃል። ጥርሱ እንዳለ ሆኖ ላስቲኩ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ በረዶ ላይ አይጨብጥም። ዓመቱ ያለበት ሙሉ ኮድ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአንዱ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ውስጥ ከዞረ ከውጭ ቆማችሁ አታገኙትም። የእኔ አራቱም ወደ ውስጥ ዞረው ነበር። ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው።

በዚህ ብቻ አላበቃም። ጎማዎቹ ላይ የነበረው «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S) የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ጭቃና በረዶ ማለት ነው፤ ግን አምራቹ ያለ ምንም የበረዶ ፈተና ራሱ ሊጽፈው ይችላል። በእርግጥ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሥዕል ይታተምበታል። ሥዕሉ ከሌለ የበረዶ ጎማ ብላችሁ አትክፈሉ። የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ እየጠነከረ ይሄዳል፣ የበረዶ ጎማ ግን እንደለሰለሰ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። «ሁለቱን ብቻ ፊት ላይ እንግጠምልህ፣ ይበቃሃል» የሚልም አለ። እሺ ካላችሁት ፊቱ ሲይዝ ኋላው ይሸሻል፣ መኪናዋም ትዞራለች።

አንቲፍሪዙም ያው ነበር። ሁለተኛው መካኒክ ከራዲያተሩ አንዲት ጠብታ ወስዶ፣ በብርሃን በሚያዩባት ትንሽ መሣሪያ ለካና «ይሄ የሚያዋጣህ ከዜሮ በታች እስከ 9 ዲግሪ ድረስ ነው» አለኝ። አብዛኛው ውሃ ነው ማለት ነው። ግማሽ በግማሽ ቢቀላቀል እስከ 37 አካባቢ ከዜሮ በታች ይችል ነበር። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሞተሩን ብረት የሚሰነጥቀውም ይኸው ነው። «እንግዲያው ንጹሁን ሙሉልኝ» እንዳትሉ ደግሞ፤ ያልተበረዘ አንቲፍሪዝ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ራሱ ይረጋል። በቀለሙም አትመኑ። አረንጓዴም ሆነ ቀይ እንደ አምራቹ ነው፤ የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን ዓይነት ጠይቁ።

ባትሪዬን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ደህናውን ባትሪ «ሞቷል» ብለው ሊቀይሩብኝ ሞክረው ነበር። ባትሪ በብርድ እንደሚደክም እውነት ነው፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አቅሙ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ግን 12.6 ቮልት አሳየ ማለት ተሞልቷል ማለት እንጂ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ ዝቅ ማለቱም ብቻውን ሞተ አያሰኝም። በጭነት፣ ማለትም ኃይል እየተሳበበት ይፈተን፤ የወጣው ቁጥር ባትሪው ላይ ከተጻፈው የብርድ ማስነሻ አምፔር (በብርድ ሞተር ለማስነሳት ሊሰጥ ከሚችለው ኃይል) ጋር ይወዳደር። የፈተናውን ውጤት ሳታዩ አዲስ አትግዙ።

ናይትሮጅን በጎማ ሞልተንልሃል ብለውም አስከፍለውኛል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው እኮ! ብርድ ሲመጣ እሱም እንደ ተራው አየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ያህል። ስለዚህ በወር አንዴ፣ መኪናዋ ሳትሞቅ መለካት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

የጎማዎቹን ኮድ ፎቶና ደረሰኙን ይዤ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለስኩ። ባለቤቱ «ጎማ ዳቦ ነው እንዴ የሚሻግተው?» ብሎ ሳቀብኝ። ደረሰኙ ላይ «አዲስ የበረዶ ጎማ» የሚለውን ሳሳየው ሳቁን ተወ። ከብዙ ምልልስ በኋላ የጎማውን ግማሽ ዋጋ መለሰልኝ። የአንቲፍሪዙን ግን «ለክተንልሃል እንጂ ቀይረንልሃል አላልንም» ብሎ ሙልጭ አድርጎ ካደኝ። ወረቀቱን አየሁት፤ እውነቱን ነው፣ «ኩላንት» (አንቲፍሪዙ ያለበት የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከሚለው ጎን ራይት ብቻ ነው ያለው።

ዘንድሮ ሌላ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ጎማዎቹን ቸርኬ ላይ ሳይወጡ መሬት ላይ አስደርድሬ የአራቱንም ቁጥር አንድ በአንድ አነበብኩ። ሰውዬው ትንሽ ተናደደብኝ።