ከተርሚናል ለሚሠራ፣ ከድረ ገጽ እምቢ ለሚል ትዕዛዝ፦ የቱሉ ዲምቱው ጥገና ቤት

ገላን ውስጥ የግንባታ ዕቃ መደብር አለን። የሽያጭ ገጹን በፒኤችፒ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ዕለታዊ ሪፖርት» የሚለው ቁልፍ ሲጫን አንድ የሼል ፕሮግራም (የተርሚናል ትዕዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ተነሥቶ የቀኑን ሽያጭ በፒዲኤፍ ያወጣል። ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና) እንደ አዲስ ከተጫነ ወዲህ ግን ባዶ ገጽ ብቻ ሆነ። ከተርሚናል ሲጠራ ያለ እንከን ይሠራል። መሀል ከተማ ያማከርኩት ባለሙያ ማሽኑን ሳያይ «ሁሉንም ፋይል 777 አድርገው» (ማንም እንዲያነበው፣ እንዲጽፍበትና እንዲያስኬደው ክፈተው ማለት ነው) ብሎ ገንዘቡን ተቀበለ።

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው ጠባብ ጥገና ቤት ሥራ የሚያውቅ ሰው አለባት። ቴክኒሻኗ ምንም ሳትነካ መጀመሪያ ትዕዛዙ በማን ስም እንደሚሄድ ከገጹ ላይ አስጠየቀች። የወጣው የእኔ ስም ሳይሆን አፓቼ (ገጹን የሚያቀርበው የድር ሰርቨር) የሚሠራበት ተጠቃሚ ነው። ቀጥላ ከትዕዛዙ መጨረሻ 2>&1 ጨመረች፤ ይህ የስህተት መልእክቱም ከውጤቱ ጋር አብሮ እንዲመጣ ያደርጋል። ትዕዛዙን የሚጠራው የፒኤችፒ ተግባር፣ ሼል ኤግዜክ፣ መደበኛውን ውጤት ብቻ ስለሚመልስ፣ ስህተቱ እስከዚያ ድረስ ወደ አፓቼ መዝገብ ሲፈስ ኖሯል።

መጀመሪያ የስህተት ቁጥር 127 መጣ፤ ትዕዛዙ አልተገኘም። ፕሮግራሙ በግል ፎልደሬ ውስጥ ስለሆነ የእኔ ተርሚናል ያውቀዋል፤ አፓቼ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ሙሉ አድራሻው ሲጻፍ ደግሞ 126፣ ፈቃድ የለም። የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ተገኘ፦ ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ የተጠቃሚን የግል ፎልደር የሚፈጥረው በ755 (ሌላውም ገብቶ ማየት በሚችልበት ፈቃድ) ሳይሆን በ750 ነው፤ ሌላ ተጠቃሚ ደጁንም አያልፍም። ፕሮግራሙን ሁሉም ተጠቃሚ ወደሚደርስበት የፕሮግራሞች ፎልደር፣ ወደ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን፣ አዛወረችው፤ ለአፓቼ የመጻፍ ፈቃድ የሰጠችው ፒዲኤፎቹ በሚቀመጡበት ፎልደር ላይ ብቻ ነው።

«ለአፓቼ ሱዱ፣ ማለትም የአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ያለ የይለፍ ቃል ቢፈቀድለትስ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «አይሆንም ጋሼ፤ ገጹን የሰበረ ሰው ማሽኑን በሙሉ ይረከብዎታል» አለችኝ። ይህ መልስ ብቻውን ለከፈልኩት 2,000 ብር ይበቃል። ሳልጠይቃትም ከቅጹ የሚመጣው ቀን በቀጥታ ወደ ትዕዛዙ እንዳይገባ በኢስኬፕ ሼል አርግ (የገባው ጽሑፍ እንደ ትዕዛዝ እንዳይነበብ በጥቅስ የሚከብብ የፒኤችፒ ተግባር) አስራዋለች።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ የለወጡትን ነገር በጽሑፍ አይሰጡም። አጠገቧ ቆሜ እኔው ጻፍኩት፤ እናንተም ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ የስልክ ጥገና ወረፋ ስለሚበዛ ጠዋት ይሻላል፤ እሑድ ዝግ ናቸው።